ውሃው ላይ የቀረችው ዱርጋ

ዓይን በመሳል ፌርፋክስ ላይ የሚበልጠኝ ሰው አልነበረም፤ ዛሬም የለም። ጉራ እንዳይመስላችሁ። ጉራ ማለት የሌለን ነገር አለኝ ማለት ነው፤ እኔ ያለኝን ነው የምናገረው። አስተማሪ አልነበረኝም። ቀለም መበጥበጥን ራሴን አስተማርኩ። እንግሊዝኛንም ዳውንታውን መኪና ማቆሚያ ሒሳብ የምቀበልበት የፓርኪንግ ዳስ ውስጥ ቁጭ ብዬ፣ ሰዎች አንብበው የጨረሱትን ጋዜጣ እየለመንኩ ራሴን አስተማርኩ። በዚህ ጎዳና ካሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች የብዙዎቹ ግድግዳ በአንድ ወቅት የእኔ እጅ ነበረበት።

ነበረበት ነው የምለው። አሁን አንዱም የለም። ባለቤት ሲቀየር ቀለም ይቀየራል። አንደኛው ቤት ውስጥ ጊዮርጊሴን ከነፈረሱ በሮለር ነጭ ሲቀቡት በመስኮት በኩል አየሁ። ፈረሱ ነጭ ስለነበረ ቀድሞ የጠፋው እሱ ነው። ዘንዶው እስከ መጨረሻው ታገለ፤ አረንጓዴው ሁለት ጊዜ ተቀብቶም ከሥር ይታይ ነበር። ገብቼ አንድ ነገር ልናገር አሰብኩና ጉልበቴን አመመኝ፤ አውቶቡሴ መጣ፤ ሄድኩ።

ያን ጊዜ ነው እንግዲህ ከእኔ በኋላ የሚቀር አንድ ነገር፣ አንድ ብቻ፣ ሳልሠራ አልሞትም ያልኩት።

የምኖርበት ግቢ ከፌርፋክስ ጥቂት ገባ ብሎ ነው። አራት ቤት፣ በመካከሉ አንድ የሎሚ ዛፍ። ከእኔ ፊት ለፊት ያሉት ጎረቤቴ የቤንጋል ሴት ናቸው፤ ከሕንድ፣ ከምሥራቁ በኩል። ባላቸው ባለፈው ክረምት ሞቱ። እሳቸው ‹ዳዳ› ይሉኛል፤ በቋንቋቸው ታላቅ ወንድም ማለት ነው። እኔም ‹ዲዲ› እላቸዋለሁ፤ ታላቅ እህት። ማን ታላቅ እንደሆነ እስካሁን አልተስማማንም። የምንነጋገረው በእንግሊዝኛ ነው። የእሳቸውም የእኔም እንግሊዝኛ ከሌላ አገር የመጣ ስለሆነ ከአሜሪካኖቹ ይልቅ እርስ በርስ እንግባባለን።

በመስከረም መባቻ በሬን አንኳኩ። ወደ ውስጥ ይግቡ ብላቸውም እንቢ አሉ፤ ደጃፉ ላይ ቆመው ጣቶቻቸውን አሳዩኝ። የተቆላለፉ ነበሩ፤ ሪህ ነው።

«ዳዳ፣ ዱርጋ ልትመጣ ነው» አሉኝ።

በየዓመቱ በዚህ ወቅት ቤታቸው ደወልና ጭፈራ እንደሚኖር አውቃለሁ። ነገር ግን የበዓሉን ፍጻሜ አንድ ጊዜም አይቼው አላውቅም፤ በበዓል ቀን ፓርኪንግ ስለሚሞላ ሁልጊዜ ሥራ ላይ ነበርኩ። ጡረታ የወጣሁት ገና ነው።

ነገሩን አስረዱኝ። የአምላካቸውን የዱርጋን ምስል በየዓመቱ በጭቃ የሚሠሩት ባላቸው ነበሩ። እንጨት አቋቁመው፣ ጭድ በገመድ ጠምጥመው፣ ጭቃ ለብጠው፣ ከዚያ ቀለም ይቀቡታል። ቁመቱ ክንድ አይሞላም። ዘንድሮ ዲዲ ራሳቸው በዚያው በባላቸው እንጨት ላይ ጭዱን ጠምጥመው ጭቃውን ለብጠዋል። ቀለሙን ግን እጃቸው አልቻለም። ዓይኑንማ ጨርሶ አይሞከርም። ደግሞ የዘንድሮው የመጨረሻ ነው፤ ልጃቸው ሂዩስተን ቤት ገዝቶ ከበዓሉ በኋላ ሊወስዳቸው ነው።

«ከዚህ ግቢ ሳልወጣ በደንብ ተቀብዬ በደንብ ልሸኛት እፈልጋለሁ» አሉ። «በወጉ ካልተሸኘች ለከርሞ አትመጣም። እኔም እሷን በወጉ ሳልሸኝ ሂዩስተን ብሄድ፣ የትኛው ቤት ትምጣ?»

‹መሸኘት› ሲሉ ጸሎት መሰለኝ። «ጣጣ የለውም፤ እሠራልዎታለሁ» አልኳቸው። ስለ ምልክቱ፣ ስለ ትርጉሙ ሊያስረዱኝ ሲጀምሩ እጄን አነሳሁ።

«ዲዲ፣ አይድከሙ። ራሴ አነባለሁ።»

አነበብኩም። ቤተ መጻሕፍት ሄጄ ያገኘሁትን ሁሉ ተሸክሜ መጣሁ። እኔ አንድን ነገር ስይዝ እንደ ሌላው ሰው በጫፉ አይደለም። በሳምንቱ ስለ ዱርጋ ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ ሐበሻ በካሊፎርኒያ ቢፈለግ አይገኝም ነበር።

ታሪኩ እንዲህ ነው። አንዴ ጎሽ፣ አንዴ ሰው የሚሆን ጋኔን ነበር። ለረጅም ዘመን ሱባኤ ገባ፤ ሱባኤው ሲሰምርለት፣ ሰውም ይሁን አምላክ ወንድ የሆነ እንዳይገድለኝ ብሎ ለመነ፤ ተሰጠው። ስለ ሴት አላነሳም። ሴት ትገድለኛለች ብሎ ማሰቡ ራሱ አሳፍሮት ይሆናል። ከዚያ ሰማይን ወርሮ አማልክቱን ከየዙፋናቸው አባረራቸው። የተባረሩት ተሰብስበው ተቆጡ፤ ከቁጣቸው እሳት ወጣ፤ እሳቱ ተደባልቆ ሴት ሆነ። አንዱ ባለ ሦስት ጣቱን ጦር ሰጣት፤ አንዱ ቀስቱን፣ አንዱ መብረቁን፣ አንዱ እየተሽከረከረ የሚቆርጠውን ክብ ስለት። ተራራው ደግሞ የምትቀመጥበትን አንበሳ። እሷም ዘጠኝ ቀን ተዋግታ በዐሥረኛው ጎሹን ጣለችው። ጋኔኑ ከጎሹ አንገት ግማሽ አካሉን አውጥቶ ሰው ሊሆን ሲል በጦሩ ወጋችው።

መጻሕፍቱ የእያንዳንዱን መሣሪያ ምሳሌ ይነግራሉ። ሰይፉ ዕውቀት ነው፤ ጎሹ ዕውር ትዕቢት ነው፤ በአንድ እጇ የያዘችው ያልፈካ የሎተስ አበባ ከጭቃ ወጥቶ ጭቃ የማይነካው ልብ ነው ይላሉ። ልክ ይሆናል። እኔ ግን ሌላ ሰው የነገረኝን እንዳለ የምውጥ ሰው አይደለሁም። እኔ ያየሁት፣ ያቃታቸው ሁሉ ተሰብስበው የያዙትን ለአንዲት ሴት ማሸከማቸውን ነው። ዐሥር እጅ ያስፈለጋት ለዚህ ነው። ልጄ ሎንግ ቢች ሆስፒታል ውስጥ ነርስ ናት፤ ሌሊት ትሠራለች፤ ቀን የእኔን ሐኪም ቤት፣ የልጆቿን ትምህርት ቤት፣ የባሏን የጭነት መኪና ወረቀት ትሸከማለች። ሁለት እጅ ብቻ ስላላት ነው እንጂ ለእሷም የምናስይዛት አላጣንም።

ሥራውን የጀመርኩት በዲዲ ወጥ ቤት፣ መስኮቱ ሥር ነው። እሳቸው ሻይ ያፈላሉ፣ እኔ እቀባለሁ። ገላዋን የበሰለ ሙዝ የመሰለ ቢጫ አደረግሁት። ፀጉሯን ጥቁር፣ ልብሷን ቀይ። አንበሳውን እንደ እኛ አንበሳ ጎፈሩን አበዛሁለት፤ ወደዱት።

የተጣላነው በጋኔኑ ነው።

በእኛ አሳሳል ክፉ ሁለት ዓይን የለውም። ጻድቅ ፊት ለፊት ይሣላል፤ በሁለት ዓይኑ ያይሃል። ከሃዲ፣ ገራፊ፣ ሰይጣን በጎኑ ይሣላል፤ አንድ ዓይን ብቻ ነው ያለው። ይህን ማንም አልነገረኝም፤ ልጅ ሆኜ በቅዳሴ ሰዓት ግድግዳውን ሳይ ራሴ የደረስኩበት ነው። ስለዚህ የጭቃውን ጋኔን በአንደኛው ጎኑ ዓይን ሠራሁለት፤ በሌላው ጎኑ ባዶውን ተውኩት። ዲዲ ሻዩን አስቀምጠው ምስሉን ዞር አደረጉና ቀረብ ብለው አዩት።

«ዳዳ፣ የዚህ ሰው ሁለተኛ ዓይን የት ሄደ?»

«አልሰጠሁትም። ሰይጣን ነው።»

«በሁለት ዓይኑ ካላያት እንዴት ይድናል?»

«ይድናል? እየገደለችው?»

«ሲገደል ነው የሚድነው። ቀና ብሎ ሲያያት ትዕቢቱ ይወጣለታል። እኛ ለእሷ አበባ ስናቀርብ ለእሱም እናቀርባለን።» ከዚያ ሳቁ። «ባለቤቴ ‹በየዓመቱ ሳይቀር መጥቶ የሚሞት ምን ታማኝ ዘመድ አለ?› ይል ነበር።»

ተከራከርኩ። የአያት የቅድመ አያት ወግ ነው አልኩ። ሻዬ በረደ። በመጨረሻ ብሩሹን አነሳሁና ለሰይጣን ሁለተኛ ዓይን ሰጠሁት። በዕድሜዬ የመጀመሪያዬ ነው። ሌሊት እንቅልፍ ይነሳኛል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ ደክሞኝ ስለነበር ተኛሁ።

«የእሷን ፊትስ?» አልኳቸው። «የተቆጣች ላድርጋት?»

«አይ። ፊቷ ጸጥ ያለ ነው። ቁጣው እጆቿ ላይ ነው ያለው።»

ይህን ሳልሰማም አውቀው ነበር። ጊዮርጊስም ዘንዶውን ሲወጋ ፊቱን አያጨማድድም።

ዓይኗ በመጨረሻ ነው የሚሣለው፤ ሕጋቸው ነው። ዓይን እስኪሣል ጭቃ ናት፤ ዓይን ሲሣል ቤት ገባች ማለት ነው። ሦስት ዓይን ነው ያላት፤ ሦስተኛው ግንባሯ ላይ ቆሞ ነው። ማለዳ ታጥቤ፣ ምንም ሳልቀምስ ሄድኩ። እጄ ይንቀጠቀጣል፤ መቼም አልዋሽም፣ ከጥቂት ዓመት ወዲህ ይንቀጠቀጣል። ብልሃቱን ግን ራሴ ፈጥሬያለሁ፤ መቋሚያዬን በሁለት ወንበር ላይ አጋድሜ አንጓዬን እሱ ላይ አሳርፋለሁ። ቅዳሴ ላይ ወገብ የሚደግፍ እንጨት እጅ ቢደግፍ ምን ይለዋል?

ብሩሹን ነክሬ ትንፋሼን ይዤ እያለሁ በሩ ተከፈተ። ልጄ ናት። ከሌሊት ሥራ እየተመለሰች ቤቴ አጥታኝ እዚህ መጣች። የሆስፒታል ልብሷን እንደለበሰች በሩን ተደግፋ ቆመች።

«አባዬ፣ መድኃኒትህን ወሰድክ?»

«ዝም በይ። አትንቀሳቀሺ።»

«ኦኬ፣ አልወሰድክም ማለት ነው።»

አልተንቀሳቀሰችም። ምናልባት ለመንቀሳቀስ አቅም አልነበራትም። ዓይኖቿ ሰፊ ናቸው፤ በእናቷ ነው የወጣችው፤ ከሥራቸው ጥቁር ከቧቸዋል፤ ሌሊቱን ሙሉ የሰው ሥቃይ ሲያዩ አድረው አሁን የእኔን ክኒን ያስባሉ። ዘጠኝ ቀን የተዋጋ ሰው እንዴት እንደሚያይ ያን ጊዜ ገባኝ። ቁጣ አይደለም። ድል ያደረገ ሰው ደስታም አይደለም። ገና የቀረ ሥራ ያለበት ሰው ነው። ሣልኩት። ግራውን፣ ቀኙን፣ የግንባሯን። እጄ አንድ ጊዜም አልሳተም።

ዲዲ መጥተው ሲያዩ ሁለት እጃቸውን አጋጥመው ግንባራቸው ላይ አደረጉ። በሕይወቴ ያገኘሁት ትልቁ ምስጋና ያ ነው።

ከዚህ በኋላ ያደረግሁት በጎ ነገር መስሎኝ ነው። ቀለሙ ሲደርቅ አየሁት፤ ሙጫ የሌለው የውሃ ቀለም ነው፤ እርጥብ ጣት ቢነካው ይለቃል። ይህን የመሰለ ዓይን ለእርጥብ ጣት ትቼ ልሂድ? ዕቃዬ ውስጥ የጀልባ ቫርኒሽ ነበረኝ፤ ሎንግ ቢች ለአንድ ዓሣ አጥማጅ ጀልባ ላይ ስም ስጽፍ የተረፈኝ። ጨው ውሃ የማይበግረው ነው። ዲዲ ለበዓሉ አበባ ሊገዙ በወጡበት ሁሉንም ቦታ፣ ከሥሯ ያለውን እንጨት ጭምር፣ በደንብ አድርጌ ደጋግሜ ቀባኋት። ሲመለሱ መስኮቱ ሥር እንደ ብርጭቆ ታበራለች።

«እንዴት አማረባት!» አሉ።

«ለልጅ ልጅ የምትቀር ናት» አልኩ።

ልጃቸው ስልክ ደውሎ ስለነበር የሰሙኝ አይመስለኝም።

በዓሉ ደረሰ። ከጋርዴና፣ ከየትም ከየትም ዘመዶቻቸው መጡ፤ ደወል ተደወለ፤ ሩዝና ምስር በትልቅ ድስት ተሠራ። ሁሉም ስልኩን እያወጣ ፎቶ ያነሳታል። እኔ ከጎኗ ወንበር ይዤ ቁጭ ብዬ አስረዳለሁ፤ ይሄ ምን እንደሆነ፣ ያ ማን እንደሰጣት። ለሕንዶቹ ራሳቸው አስረዳኋቸው። አንዲት ወጣት «አንክል፣ ይሄን ማን አስተማረዎት?» አለችኝ። «ማንም» አልኳት።

በመካከል ፌርፋክስ ወጣሁ። ግድግዳውን ነጭ ያስቀባብኝ ባለ ምግብ ቤት በር ላይ ቆሞ ነበር። የጽዋ ማኅበር ወንድሜ ነው፤ ከእኔ ያንሳል።

«ጋሼ፣ ጣዖት ጀመሩ አሉ» አለኝ እየሳቀ።

«ጊዮርጊስን ነጭ የቀባ ሰው ስለ ጣዖት አይጠይቀኝ።»

«እሱን እስካሁን አልረሱልኝም? ደግሞ ለሰይጣን ሁለት ዓይን ሰጡት ይባላል።»

«ማን ነገረህ?»

«ልጅዎ። እዚህ ቁርስ በላች። የንስሐ አባታችን ቢሰሙ ምን ይላሉ?»

«እኔ የሰገድኩ ሰው አይደለሁም። የሳልኩ ነኝ።» ከዚያ ወደ ውስጥ አየሁ። ገንዘብ የሚቀበሉበት ጠረጴዛ አጠገብ ባዶ መደርደሪያ ነበር። ሐሳቡ ያን ጊዜ መጣልኝ። ዲዲ ይህን የመሰለ ተሰባሪ ምስል ይዘው አውሮፕላን አይሳፈሩም። ለእኔ ነው የሚተዉት፤ ለማን ሊተዉት? «ያን መደርደሪያ አጽዳልኝ። የእጄን ሥራ አመጣለሁ።»

«የሕንድ አምላክ? ጋሼ፣ እኔ ጾመኛ ደንበኛ አለኝ እኮ!»

«ዓይኗን አይተህ ከዚያ ተናገር።»

ስልኬን አውጥቼ ፎቶዋን አሳየሁት። ሳቁን አቆመ። ስልኩን ተቀብሎ ወደ ዓይኑ አስጠጋና «ይቺማ ልጅዎን ትመስላለች» አለ። መደርደሪያውን እንደሚያጸዳ ቃል ገባ። ወደ ቤት ስመለስ ጉልበቴ አላመመኝም።

በዐሥረኛው ቀን ከሰዓት ሴቶቹ ተሰበሰቡ። ያገቡት ሴቶች ግንባሯን ቀይ ዱቄት ቀቧት፤ እርስ በርስም ጉንጫቸውን ተቀባቡ። አፏ ላይ ጣፋጭ አስነኳት። አንዳንዷ ጎንበስ ብላ በጆሮዋ ታንሾካሹካለች። ዲዲ ባላቸው ስለሞቱ ቀዩን አልነኩም፤ ጣፋጩን ብቻ አጎረሷት። ነገሩን ከጎኔ ያለችው ወጣት ነገረችኝ፤ ዱርጋ ያገባች ሴት ናት፤ ከባሏ ቤት፣ ከተራራው፣ በዓመት አንድ ጊዜ ልጆቿን ይዛ እናት አባቷን ልትጠይቅ ትመጣለች፤ ዛሬ መመለሻዋ ነው። የሚያንሾካሹኩት ‹ከርሞ ነይ› እያሉ ነው።

ይህ ደስ አለኝ። ያን ሁሉ የሰማይ ጦርነት ያሸነፈች፣ ለካ እናቷ ቤት የመጣች ልጅ ናት።

ያን እያሰብኩ ሳለሁ የዲዲ ልጅ አንድ ሰማያዊ የፕላስቲክ ገንዳ፣ ሕፃናት የሚንቦጫረቁበትን ዓይነት፣ ሎሚው ሥር አስቀምጦ የውሃ ጎማ ከተተበት።

«ይሄ ለምንድን ነው?» ብዬ ዲዲን ጠየቅኋቸው።

«ለመሸኛዋ ነዋ።»

«ምን ታደርጓታላችሁ?»

ዲዲ ዞረው አዩኝ። «ዳዳ፣ ውሃ ውስጥ ትገባለች። አገር ቤት ወንዝ ነበር፤ እዚህ ባሕሩ ጣጣ አለው። ባለቤቴ ሁልጊዜ እዚህ ነበር የሚያደርገው። ሻይ ጠጥተን እስክንጨርስ ጭቃው ይሟሟል። ውሃውን ሎሚው እናጠጣዋለን።» ፊቴን አይተው ደነገጡ። «አንብቤያለሁ ብለኸኝ የለ?»

አንብቤያለሁ። እስከ ድሉ ድረስ አንብቤያለሁ። ጎሹ ከወደቀ በኋላ ያለውን ገጽ ማን ያነባል?

«ታዲያ ዓይኗን ያን ሁሉ ያደከማችሁኝ ለምንድን ነው? ለሚሟሟ ነገር?»

«የምትመለስበትን መንገድ ታይ ዘንድ» አሉ፤ በጣም ቀላል ነገር እንደተጠየቀ ሰው።

ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። መደርደሪያው ታወሰኝ። ልጄ አጠገቤ መጥታ ትከሻዬን ያዘች፤ ያን ቀን ዕረፍቷ ነበር። ሰው በገዛ ቤቱ በአምላኩ ያሻውን ያደርጋል።

ዲዲና ልጃቸው በአንድ ላይ ይዘው አወረዷት። ደወል ተደወለ፤ ሴቶቹ እልል አሉ፤ እልልታቸው ከእኛ ጋር አንድ ነው። ዱርጋ ውሃው ውስጥ ገባች፤ ወዲያው ደግሞ ብቅ አለች። በጀርባዋ ተንጋልላ ተንሳፈፈች፤ አንበሳው በጎኗ፣ ጋኔኑ እግሯ ሥር፤ ዐሥር እጇን ዘርግታ፣ በሦስት ዓይኗ ሰማዩን እያየች።

ልጃቸው በመዳፉ ተጫናት። ወረደች። ሲለቃት ወጣች። ሻይ መጣ፤ ተጠጣ፤ ብርጭቆው ተሰበሰበ። ከግንባሯ ቀይ ዱቄት በቀር አንድ ጠብታ ቀለም አልለቀቀችም። ውሃው ሎሚውን እንደ መስተዋት ያሳያል። አንድ ሰው መሳቅ ጀመረና ዲዲን አይቶ ተወ።

ዲዲ ገንዳው አጠገብ ተንበርክከው ነበር።

«መሄድ አልፈለገችም» አሉ። «ቤቱን ትቼ ስለምሄድ ተቀይማኛለች። አልሄድም ብላለች። ካልሄደች እንዴት ትመለሳለች?»

ልጄ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለች። «አባዬ፣ ምን ቀባኻት?»

«የጀልባ ቫርኒሽ።»

«ኦ ማይ ጋድ፣ አባዬ!»

ተነስቼ ከዲዲ አጠገብ፣ በዚያ ጉልበቴ፣ ተንበረከክሁ። «አልተቀየመችዎትም» አልኳቸው። «መሄድ ያቃታት በእኔ ነው። ውሃ እንዳይነካት አድርጌ ለብጫታለሁ፤ በውስጧ ያለው ጭድ ደግሞ ያንሳፍፋታል። እንድትቀር ብዬ ነው።»

ይቆጣሉ ብዬ ነበር። «ባለቤቴም አንድ ዓመት ሊያስቀራት ፈልጎ ነበር» አሉ። «አሳዝናው።»

ልጃቸው መዶሻ ላምጣ አለ። ዲዲ ጮኹበት፤ እንግዳ በመዶሻ አይሸኝም። ሌላ መንገድ አልነበረም። የቀባ ሰው ይላጥ። ቤቴ ሄጄ የብርጭቆ ወረቀትና ስፓቱላ አመጣሁ። ገንዳው አጠገብ ፎጣ አነጠፉልኝ፤ ልጄ መቋሚያዬን በሁለት ወንበር ላይ አጋደመችልኝ፤ ሳልነግራት።

ከጀርባዋ ጀመርኩ። ከዚያ አንበሳውን፣ ከዚያ ጎሹን። ቫርኒሹ ጥሩ ነበር፤ እኔ የምሠራው ሥራ መቼም አይላላም። እያንዳንዷን እጅ ለብቻዋ ላጥኩ። ጦሩን፣ ቀስቱን፣ ሰይፉን፣ ሎተሱን። የሰጧትን ሁሉ ከእጇ የምቀበላት መሰለኝ። ክንዴ ዛለ። ልጄ «ቆይ እኔ ልቀጥል» አለች፤ ጋኔኑን ሰጠኋት። እግሯን አጣጥፋ ተቀምጣ የሰይጣኑን ሁለት ዓይን በጥንቃቄ፣ ቁስል እንደሚያጥብ ሰው፣ አሸችው።

«ይሄ ሰውዬ ያሳዝናል» አለች።

«ሁለት ዓይን ስለተሰጠው ነው» አልኳት።

ፀሐይዋ ከሎሚው አናት ስትወርድ የቀረው ፊቷ ነበር። ሰዎቹ ከበውን ቆመዋል። መጀመሪያ የግንባሯን፣ ከዚያ ቀኙን። ግራው ላይ ስደርስ ስፓቱላው አምልጦኝ ጉንጯን ጫረው። ቀና ስል ልጄ ታየኛለች። ያው ዓይን ነው። ከሥሩ ያው ጥቁር። ያ ዓይን ከእኔ ጋር ስንት ዘመን ሲንገላታ ኖሯል፤ በጭቃ ላይ ባስቀረው ምን እንደሚጠቅመው አላውቅም። ጎንበስ ብዬ ጨረስኩት።

ጭቃ ሆነች። ዲዲ በጆሮዋ አንሾካሾኩላትና ወደ ውሃው መለሷት። አሁን ትንሽ አረፋ አወጣች፤ ዘንበል አለች፤ ገባች። ውሃው ቀስ ብሎ የሻይ መልክ ያዘ። ዲዲ ወገባቸውን ይዘው ቀና አሉና ለመጀመሪያ ጊዜ ዐረፍ ብለው ተነፈሱ። ማምሻውን ከሥር የቀረውን አወጡ፤ ጭዱና የባላቸው እንጨት። እንጨቱ አይጣልም፤ የከርሞዋ ዱርጋ የምትቆመው በዚያው ላይ ነው። በፎጣ ጠቅልለው የእጅ ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት፤ በደንብ ገባ።

«ሂዩስተን ድረስ መጥተህ ዓይኗን ትሠራለህ» አሉኝ።

«ቫርኒሽ አልይዝም» አልኩ።

ዲዲና ልጃቸው አሁን ሂዩስተን ሄደዋል፤ ቤታቸው ውስጥ ሁለት ተማሪዎች ገብተዋል። ባለ ምግብ ቤቱ ግን ገና ዱርጋን በሸኘን ማግሥት በር ላይ ይዞኝ ነበር።

«ጋሼ፣ መደርደሪያውን አጽድቼ ጠብቄ፣ አምላኳ የት አለች?»

«እናቷ ቤት ቆይታ ወደ ባሏ ሄደች።»

«በገዛ እጅዎ አጠፏት አሉኝ እኮ። ያን የመሰለ ዓይን!»

«ዓይን በመሳል የሚበልጠኝ የለም» አልኩት። «በመላጥም የለም።»

ሊስቅ ብሎ ፊቴን አየና ወንበር ሳበልኝ። ክንዴ እስከ ትከሻዬ ያመኝ ነበር። ልጄ ከሥራ ስትወጣ ልትወስደኝ ስለነበር እዚያው መደርደሪያው ሥር ተቀምጬ ጠበቅኋት። ስትመጣ በመስታወቱ በኩል ቀድሜ አየኋት፤ መኪናዋን ፓርክ አድርጋ፣ መሪውን እንደያዘች ትንሽ ዓይኗን ጨፍናለች። አልጠራኋትም። ትንሽ ትረፍ ብዬ፣ እስክትገልጠው ድረስ ቆምኩ።